የተሰበረ ቁርጭምጭሚት በሐርጌሳ፤ ብረት፣ ሽቦ ወይስ ጀሶ?

እግር የሰው ልጅ የመጀመሪያው መጓጓዣ መሆኑን ማንም አይስተውም። ይሁን እንጂ ዋጋው የሚታወቀው በደኅናው ቀን ሳይሆን አንድ ቀን ከመሬት አልነሣ ያለ ጊዜ ነው። በሐርጌሳ ከተማ ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ ግመልና ወደ በግ ገበያ የሚወጣው ደላላ፣ ከቶግ ወጫሌ እስከ በርበራ ወደብ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ነጂ፣ ጆንያ በትከሻው የሚያወርደው ተሸካሚ፣ ቅመማ ቅመምና ጨርቅ ዘርግታ የምትውለው ነጋዴ ሴት፣ ሁሉም እንጀራቸውን የሚያገኙት ቆመውና ተራምደው ነው። እንግዲህ ከእነዚህ አንዱ ከመኪና ሲወርድ፣ ወይም ከተማዋን ለሁለት በሚከፍለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ ሲያልፍ ድንጋይ አዳልጦት ቁርጭምጭሚቱ ተጣምሞ ቢሰበር፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚገጥመው የሕመም ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰብና የኑሮም ጥያቄ ነው።

ጥያቄውም ይህ ነው። የተሰበረው አጥንት በጀሶ ታስሮ ይጠበቅ? ወይስ ሥጋው በቀዶ ሕክምና ተከፍቶ አጥንቱ በብረት ይያያዝ? በብረት ይያያዝ ከተባለስ፣ በየትኛው ብረት? ነገሩ የሐኪሞች ብቻ ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ብረቱን ከውጭ አገር የሚያመጣው ነጋዴ ነው፤ የሚያሳልፈው ጉምሩክ ነው፤ ለሐኪም ቤቱ በጀት የሚቈርጠው ሹም ነው። ስለዚህ የዚህን ሙያ ልዩ ልዩ ዘዴዎች በሚገባ ማወቅ ለአስተዳዳሪውም ለነጋዴውም የሚጠቅም ሆኖ ይገኛል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ሁለት ጊዜ የተሠራ ከተማ

የእንግሊዝ ሶማሌላንድ አስተዳደር መቀመጫ ከበርበራ ወደ ሐርጌሳ የተዛወረው በ1941 ዓ.ም. ነበር። ዛሬ የሐርጌሳ ግሩፕ ሆስፒታል ተብሎ የሚጠራው ታላቁ የመንግሥት ሐኪም ቤት የተመሠረተውም በዚያው አስተዳደር ዘመን በ1953 ዓ.ም. ነው። አገሪቱ ጁን 26 ቀን 1960 ዓ.ም. ነጻነቷን ተቀብላ፣ ከአምስት ቀን በኋላ በኢጣልያ ሞግዚትነት ከነበረው ከደቡቡ ክፍል ጋር ተዋሐደች። ነገር ግን ያ ውሕደት ወደ መራራ ጦርነት አደረሰ። በ1988 ዓ.ም. የሲያድ ባሬ መንግሥት የጦር አውሮፕላኖች ከከተማዋ ከራሷ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ከተማዋን ደበደቡ፤ ሕዝቧም በመቶ ሺሕ እየተቈጠረ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ፤ በጅጅጋ አቅራቢያ በሐርትሼክ ሜዳ ላይ ታላቅ የስደተኞች ሰፈር ተተከለ። ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ የጦር አውሮፕላን ዛሬም በከተማዋ መካከል በሐውልት ላይ ተቀምጦ ይታያል።

ሜይ 18 ቀን 1991 ዓ.ም. ሶማሌላንድ ለብቻዋ መሆኗን ካወጀች ወዲህ ግን ሕዝቡ የፈረሰውን መልሶ መሥራት ያዘ። በ1998 ዓ.ም. በቦራማ የአሙድ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2000 ዓ.ም. የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ ተከፈቱ፤ የአገሩም ልጆች ሕክምናን በአገራቸው ይማሩ ጀመር። በዚያው በ2000 ዓ.ም. የሎንዶኑ ኪንግስ ኮሌጅ ከሶማሌላንድ ሐኪም ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ጋር የተራድኦ ሥራ አቋቋመ። አዋላጅ ነርስ የነበሩት ወይዘሮ ኤድና አደን እስማኤልም ሀብታቸውን አፍስሰው ያሠሩትን የወሊድ ሆስፒታል በ2002 ዓ.ም. ከፈቱ።

ይህ ታሪክ ከአጥንት ሕክምና ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል አይጠፋም። የሚያገናኘው ይህ ነው፤ በአንድ ከተማ ውስጥ የሕክምና ዘዴ የሚመረጠው በመጽሐፍ ላይ በተጻፈው ብልጫ ብቻ ሳይሆን፣ መሣሪያው ሲሰበር የሚጠግነው፣ ብረቱ ሲያልቅ የሚተካው፣ ሐኪሙ ሲሄድ የሚቀጥለው ሰው መኖሩ እየታየ ነው።

የመጋጠሚያው አሠራር

ቁርጭምጭሚት አናጢ የቤት ዕቃ ሲያገጥም ከሚያበጀው መሰኪያ ጋር ይመሳሰላል። ከላይ ሁለት የቅልጥም አጥንቶች አሉ፤ አንደኛው ወፍራም፣ ሁለተኛው ቀጭን ነው። የሁለቱ ጫፎች ወደ ታች ወርደው በውስጥ በኩልና በውጭ በኩል በእጅ የሚዳሰሱትን ሁለት ጉብታዎች ይሠራሉ። በሁለቱ ጉብታዎች መካከል እንደ ቅስት ያለ ጎድጓዳ ቦታ ይገኛል፤ የተረከዙን አጥንት ተጭኖ የተቀመጠው የእግር አጥንት ራሱ በዚህ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይንቀሳቀሳል። ሁለቱን የቅልጥም አጥንቶች እርስ በርሳቸው አጥብቀው የሚይዟቸው ደግሞ ብርቱ ጅማቶች ናቸው።

ይህ መሰኪያ ምንም ያህል ክፍተት አይፈቅድም። በ1976 ዓ.ም. ራምዚና ሐሚልተን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፣ በመሰኪያው ውስጥ ያለው አጥንት ወደ ውጭ አንድ ሚሊሜትር ብቻ ቢንሸራተት፣ አጥንቶቹ የሚነካኩበት ስፋት በ42 ከመቶ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የሰውነት ክብደት ሁሉ በቀረችው ጠባብ ቦታ ላይ ሲያርፍ፣ አጥንቱን የሸፈነው ለስላሳ ልባስ እየተፋቀ ያልቃል፤ ሰውየውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በማይለቅ የመገጣጠሚያ ሕመም ይያዛል። ስለዚህ የሕክምናው ሁሉ ዓላማ አንድ ነው፤ መሰኪያውን ወደ ቀድሞ ልኩ መመለስና አጥንቱ እስኪጋጠም ድረስ በዚያው ልክ ማቈየት።

ከእንጨት መዝጊያ እስከ ብሎን

ስለ ቁርጭምጭሚት ስብራት አስቀድሞ በጥንቃቄ ከጻፉት አንዱ በሎንዶን የነበረው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት ነው። ይህ ሰው በ1756 ዓ.ም. ከፈረስ ወድቆ ቅልጥሙ ቆዳውን በስቶ እስኪወጣ ድረስ ተሰበረ። በብርዱ መሬት ላይ እንደ ተጋደመ ማንም እንዳያነሣው ከልክሎ፣ መዝጊያ አስገዝቶ፣ ሁለት ወራጅ እንጨት አስመትቶበት በዚያ ላይ ተጭኖ ወደ ቤቱ ሄደ። ሐኪሞቹም እግሩን ሊቈርጡት ተሰናድተው ሳሉ መምህሩ ደርሶ አስተዋቸው፤ እግሩም ዳነለት። የተሰበረን እግር ሳያንገላቱ ማንሣት የሚለው ትምህርት ዛሬም ቢሆን ለሐርጌሳም ለአዲስ አበባም መንገድ የመጀመሪያው ሕግ ነው።

በ1895 ዓ.ም. ራጂ ከተገኘ በኋላ ሐኪሞች የተሰበረውን አጥንት በዓይናቸው ለማየት ቻሉ። ያን ጊዜም በጀሶ የታሰረው ሁሉ ቀጥ ብሎ እንዳልዳነ ተገለጠላቸው። በሎንዶን አርበትኖት ሌን፣ በቤልጅግ አገር በአንትወርፕ አልቢን ላምቦት አጥንትን በብሎንና በብረት ሰሌዳ ማያያዝ ጀመሩ። ላምቦት በትርፍ ጊዜው ቫዮሊን የሚሠራ የእጅ ጥበበኛ ስለ ነበረ መሣሪያዎቹን በገዛ እጁ ያበጅ ነበር። ሌላው የቤልጅግ ሐኪም ሮቤር ዳኒስ በ1949 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የተሰበሩት አጥንቶች እርስ በርሳቸው ተጫጭነው ከተያዙ በቀጥታ እንደሚጋጠሙ አስረዳ። ከእርሱ የተማረው የስዊስ ሐኪም ሞሪስ ሙለርና ጓደኞቹ፣ በጠቅላላው 13 ሐኪሞች፣ በ1958 ዓ.ም. በቢየል ከተማ ተሰብስበው አኦ ተብሎ የሚጠራውን ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራባቸው ብሎኖች፣ ሰሌዳዎችና መሰርሰሪያዎች ልካቸው የተቈረጠው በአብዛኛው በዚህ ማኅበር ነው።

ስብራቱንም በየዓይነቱ ለመለየት የዴንማርኩ ላውጌ ሐንሰን በ1950 ዓ.ም.፣ የስዊሱ ዌበር ደግሞ በ1972 ዓ.ም. ደንብ አወጡ። የዌበር ደንብ ለማስታወስ ቀላል ነው። ቀጭኑ አጥንት ሁለቱን አጥንቶች ከሚያስተሳስረው ጅማት በታች ከተሰበረ አንደኛው ዓይነት፣ በጅማቱ ልክ ከተሰበረ ሁለተኛው፣ ከጅማቱ በላይ ከተሰበረ ሦስተኛው ዓይነት ይባላል። ወደ ላይ እየወጣ በሄደ ቍጥር ጅማቱ የመበጠሱና መሰኪያው የመላላቱ ሥጋት እየጨመረ ይሄዳል።

ዘዴዎቹ ሲነጻጸሩ

የመጀመሪያው ዘዴ ጀሶ ነው። መሰኪያው ያልላላ ስብራት ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። እንዲያውም በፊንላንድ በ247 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2019 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ለእንዲህ ያለው ያልላላ ስብራት የሦስት ሳምንት ማሰሪያ ከስድስት ሳምንቱ እንደማያንስ አረጋግጧል። ለነጋዴ ሦስት ሳምንት ከሥራ ገበታው ማትረፍ ቀላል ነገር እንዳልሆነ የታወቀ ነው።

መሰኪያው ሲላላስ? በብሪታንያ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት በላይ በሆነ 620 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2016 ዓ.ም. የታተመው ጥናት ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ግማሾቹ በቀዶ ሕክምና፣ ግማሾቹ ደግሞ በማደንዘዣ ሥር በሐኪም እጅ ከእግር ጋር ተጣብቆ በተሠራ ጀሶ ታከሙ። ከስድስት ወር በኋላ የሁለቱ ወገኖች አካሄድና ጤንነት እኩል ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን ጥቅሙና ጉዳቱ በየፊናው ነበረ። ቁስል ያመረቀዘባቸው ወይም የተከፈተባቸው በቀዶ ሕክምናው በኩል 10 ከመቶ ሲሆኑ በጀሶው በኩል 1 ከመቶ ብቻ ነበሩ። አጥንታቸው ጠምሞ የዳነው ግን በጀሶው በኩል 15 ከመቶ፣ በቀዶ ሕክምናው በኩል 3 ከመቶ ሆኑ። በጀሶ ከታከሙትም ከአምስቱ አንዱ ያህል ኋላ ወደ ቀዶ ሕክምና መዛወር ግድ ሆነባቸው። እንግዲህ ጀሶ የድኻ ሕክምና ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን የሠለጠነ እጅና በየጊዜው የሚነሣ ራጂ ይፈልጋል። አስሮ መስደድ ብቻ ሕክምና አይባልም።

ሁለተኛው ዘዴ የብረት ሰሌዳና ብሎን ነው። ይህ ለቀጭኑ አጥንት ከሁሉ ይልቅ የተለመደው ዘዴ ነው። ቆዳው በውጭ በኩል ይከፈታል፤ አጥንቱ ይገጣጠማል፤ አንድ ብሎን ስብራቱን ያጫጭነዋል፤ ቀጭን ሰሌዳ ደግሞ በስድስት ወይም በሰባት ብሎን ተይዞ ይጠብቀዋል። ሰሌዳው በውጭ ጎን ወይም በስተኋላ ሊቀመጥ ይችላል። በስተኋላ ሲቀመጥ አጥንቱ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት እንደ ግንብ ይደግፈዋል፤ ከቆዳ በታችም ጎልቶ አይታይም፤ ይሁን እንጂ በዚያ የሚያልፉትን ጅማቶች ሊፈገፍግ ይችላል። ብሎኑ በሰሌዳው ላይ በጥርስ የሚቈለፍበት አዲሱ ዓይነት ለሳሳ አጥንት ጥቅም አለው፤ ዋጋው ግን ከተራው እጅግ ይበልጣል። በተራ ስብራት ላይ ለሁሉም ሰው ይህ ይሁን ማለት ገንዘብን ያለ ቦታው ማፍሰስ ነው።

ሦስተኛው ዘዴ ሽቦ ነው። በውስጥ በኩል ያለው ጉብታ ሲሰበር ብዙ ጊዜ ሁለት ብሎን ይበቃዋል። ቍራጩ ትንሽ ከሆነ ወይም አጥንቱ የሳሳ ከሆነ ግን ብሎኑ ሊሰነጥቀው ይችላል። በዚያን ጊዜ ሐኪሙ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች ሰክቶ፣ በእነርሱ ዙሪያ ሽቦ እንደ ስምንት ቍጥር አጣምሮ ያስረዋል። ጡንቻና ጅማት አጥንቱን ሊለያዩት ሲስቡ፣ ሽቦው ያንኑ ኀይል ወደ ማጫጫን ይለውጠዋል። ብልኀቱ ይህ ነው። ሽቦና ዘንግ ርካሾች ናቸው፤ በማናቸውም የተደራጀ ሐኪም ቤት ይገኛሉ፤ በጥንካሬም ከብሎን አያንሱም። ጉድለታቸው የዘንጉ ጫፍ ቆዳውን እየወጋ ማስቸገሩና አንዳንድ ጊዜ ለማውጣት ሌላ ቀዶ ሕክምና ማስፈለጉ ነው።

አራተኛው ዘዴ በአጥንቱ ቦይ ውስጥ የሚገባ ዘንግ ነው። በኤዲንብራ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ በሆነ 100 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2016 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ በሰሌዳ ከታከሙት 16 ከመቶ ያህሉ ቁስላቸው ሲያመረቅዝ በዘንግ ከታከሙት አንድም ሰው አላመረቀዘበትም። ምክንያቱም ዘንጉ የሚገባው በጠባብ ቀዳዳ በመሆኑ ነው። ቆዳቸው ለሳሳ ሽማግሌዎችና የስኳር በሽታ ላለባቸው ሰዎች ይህ ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ሥራው በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሳያቋርጥ ምስል የሚያሳይ የራጂ መሣሪያ ይጠይቃል፤ መሣሪያው ከሌለ ዘንጉ ቢኖርም ከንቱ ነው።

አምስተኛው ጉዳይ ሁለቱን አጥንቶች የሚያስተሳስረው ጅማት ሲበጠስ የሚደረገው ነው። የቈየው ዘዴ ከቀጭኑ ወደ ወፍራሙ አጥንት አንድ ወይም ሁለት ብሎን ማሳለፍ ነው። አዲሱ ዘዴ በሁለት ጫፉ ቍልፍ ያለበት ብርቱ ገመድ ማሳለፍ ነው፤ ገመዱ አጥንቶቹን አቀራርቦ ሲይዝ የተፈጥሮ እንቅስቃሴያቸውን አይከለክልም። በኦስሎ በ97 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2018 ዓ.ም. የታተመው ጥናት ከሁለት ዓመት በኋላ የገመዱን ብልጫ አሳይቷል። ገመዱ ግን ከአንድ ብሎን ዋጋ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቀድሞ ብሎኑ ሁልጊዜ በሌላ ቀዶ ሕክምና ይወጣ ነበር፤ የቅርብ ጊዜ ጥናቶች ግን ሕመም ካላስከተለ በቀር ማውጣቱ ግዴታ አለመሆኑን ገልጠዋል። ይህም የብሎኑን ወጪ ይበልጥ ያቀልለዋል።

ስድስተኛው ዘዴ በውጭ የሚታሰር የብረት ማዕቀፍ ነው። አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ ሲወጣ፣ ወይም እግሩ አብጦ ውኃ ሲቋጥር፣ ወዲያው ቆዳን ከፍቶ ሰሌዳ ማስቀመጥ ማመርቀዝን መጋበዝ ነው። ስለዚህ ከቁርጭምጭሚቱ በላይና በታች ዘንጎች ተሰክተው በውጭ በኩል ይያያዛሉ፤ እብጠቱ ጎድሎ ቆዳው መጨማደድ እስኪጀምር ድረስ ይጠበቃል። ማዕቀፉ ታጥቦና ተቀቅሎ እንደገና ስለሚሠራበት፣ ገንዘብ ለሚያጥረው ሐኪም ቤት ከሁሉ የተሻለ ቍጠባ ነው።

በሰውነት ውስጥ ቀልጦ የሚጠፋ ብሎንም አለ። የፊንላንዱ ሐኪም ሮካነንና ባልደረቦቹ ከ1984 ዓ.ም. ጀምረው በቁርጭምጭሚት ላይ ሠርተውበታል። የሚወጣ ብረት ስለሌለ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና አይጠይቅም፤ ይሁን እንጂ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ሲቀልጥ ፈሳሽና እብጠት ማስከተሉ ስለ ታየ፣ የብረትን ቦታ ሊወስድ አልቻለም።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። በአጥንቱ መጋጠም በኩል በልዩ ልዩ ብረቶች መካከል ያለው ልዩነት ሰው እንደሚገምተው ሰፊ አይደለም። ሰፊው ልዩነት ያለው መሰኪያው በትክክል በመመለሱና ባለመመለሱ፣ ቁስሉ ንጹሕ በመሆኑና ባለመሆኑ፣ ሰውየውም በጊዜው በመድረሱና ባለመድረሱ ላይ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላም በሽተኛውን ለስድስት ሳምንት መሬት እንዳይረግጥ ማስቀመጥ ግዴታ እንዳልሆነ፣ በብሪታንያ በ561 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2024 ዓ.ም. የታተመ ጥናት አስረድቷል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ መርገጥ የጀመሩት ከዘገዩት አላነሱም።

ወጌሻው ቤት

በሐርጌሳም ሆነ በጅጅጋ፣ በጎንደርም ሆነ በአዲስ አበባ፣ ሰው ሲሰበር አስቀድሞ የሚታሰበው ወጌሻ ነው። ይህም የሚያስገርም አይደለም። ወጌሻው ቅርብ ነው፤ በቋንቋው ያነጋግራል፤ ዋጋው ይቀልላል፤ አባትና እናትም በእርሱ እጅ ድነዋል። ያልላላ ስብራት በወጌሻ እጅ እንደሚድን አይካድም፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ስብራት በማናቸውም ልከኛ ማሰሪያ ይድናልና።

ጥፋቱ የሚመጣው ቀርከሃው ወይም ጨርቁ ያለ ልክ ሲጠብቅ ነው። እግሩ ያብጣል፤ ማሰሪያው አይላላም፤ ደም መዝለቅ ያቆማል፤ ጣቶች ይቀዘቅዛሉ፤ ኋላም ይጠቍራሉ። በኢትዮጵያ ሐኪም ቤቶች የተደረጉ ጥናቶች፣ በተለይ በልጆች ላይ እጅና እግር ለመቈረጥ ከሚያበቁት ዐበይት ምክንያቶች አንዱ ይህ መሆኑን አሳይተዋል። ነገር ግን መድኀኒቱም ከዚያው አገር ተገኝቷል። በ2005 ዓ.ም. የታተመ የኢትዮጵያ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ወጌሾች ተሰብስበው ስለ አደጋው የአንድ ቀን ትምህርት ከተሰጣቸው በኋላ በዚሁ ምክንያት የሚቈረጠው እጅና እግር ቍጥር በጉልሕ ቀነሰ። አንድ ቀን ብቻ! ወጌሻን መንቀፍ ብዙ ዘመን ተሞክሮ ፍሬ አልሰጠም፤ ማስተማር ግን በአንድ ቀን ፍሬ ሰጠ።

የሹሙና የነጋዴው ድርሻ

ነጋዴ የሂሳብ ሰው ነውና ነገሩን በሂሳብ መዝኖ ይመልከተው። አንድ የጭነት መኪና ነጂ ተሰብሮ ውድ የሆነውን ገመድና ቍልፍ ከውጭ አገር እስኪያስመጣ ሦስት ሳምንት ቢጠብቅ እንበል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ስብራቱ ጠምሞ መያያዝ ይጀምራል፤ ቀላል የነበረው ሥራ ከባድ ይሆናል። ወደ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ተሻግሮ ልሂድ ቢልም የመጓጓዣው፣ የአስታማሚውና የመኝታው ወጪ ከብረቱ ዋጋ ይበልጣል። እንግዲህ የሕክምና ዋጋ የሚባለው የብረቱ ዋጋ አይደለም፤ የጠፋው የሥራ ቀን፣ የመንገዱ ወጪና የሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ሥጋት ተደምሮ ነው። በዚህ ሂሳብ ሲታይ፣ ዛሬ በእጅ ያለ ተራ ሰሌዳ ከወር በኋላ ከሚመጣ ድንቅ ዕቃ ይበልጣል።

ብረት ለሚያስመጣ ነጋዴ ደግሞ ሦስት ነገሮች አይዘንጉት። አንደኛ፣ በሰውነት ውስጥ የሚቀመጥ ብረት ከወፍጮ ቤት ብሎን ጋር አንድ አይደለም፤ አይ.ኤስ.ኦ. 5832 የተባለውን ዓለም አቀፍ የጥራት ልክ ያሟላ መሆኑን የሚያስረዳ የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛ፣ የማይዝግ ብረት ብሎን በታይታንየም ሰሌዳ ላይ ማሰር አይገባም፤ ሁለት ልዩ ልዩ ማዕድን በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ሲነካኩ አንዱ ሌላውን ይበላዋልና። ሦስተኛ፣ ብሎኑ ካልመጣው መፍቻና መሰርሰሪያ ጋር አብሮ ካልሄደ ዋጋ የለውም። ዛሬ አንድ ዓይነት፣ ነገ ሌላ ዓይነት የሚያመጣ ነጋዴ ዕቃ ቤቱን ይሞላ ይሆናል እንጂ ሐኪሙን አይጠቅምም። ዘወትር አንድ ዓይነት ተራ ሰሌዳ፣ ብሎን፣ ዘንግና ሽቦ ሳያቋርጥ የሚያቀርብ ሰው ለከተማው ከባለ ብዙ ዓይነት ነጋዴ ይልቅ ይጠቅማል።

የሹሙ ድርሻ ከዚህ ይከብዳል። በርበራ ወደብ ላይ የደረሰ የሐኪም ቤት ዕቃ ከመኪና ጎማና ከሲሚንቶ ጋር ተራ እየጠበቀ መቈየት አይገባውም። ከብረቱም አስቀድሞ መሣሪያ ማጽጃው ሊታሰብ ይገባል፤ በ134 ዲግሪ ሙቀት የሚያጸዳው የእንፋሎት ምድጃ መብራት በጠፋ ቍጥር ከቆመ፣ ምርጡም ሰሌዳ ለቁስል መርዝ ይሆናል። የራጂ መሣሪያ የሚጠግን ባለሙያ ደመወዝ አዲስ መሣሪያ ከመግዛት ይረክሳል። አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ የወጣ ሰው እንደ ደረሰ ቁስሉ እንዲታጠብ፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኀኒትና የመንጋጋ ቈልፍ መከላከያ መርፌ ወዲያው እንዲሰጠው የሚያዝ አንድ ገጽ ደንብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ብዙ እግር ግን ያድናል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው እግሩ ስለሚደነዝዝና ቁስሉ ስለሚዘገይ፣ ከሌላው ይልቅ ጠንካራ ማያያዣና ረጅም ጥበቃ እንደሚያስፈልገው ሊመዘገብ ይገባል።

እንግዲህ በጀሶ፣ በሽቦ፣ በሰሌዳና በገመድ መካከል የሚደረገው ምርጫ እንደ ሰዉና እንደ ስብራቱ ይለያያል። ላልላላው ስብራት ጀሶ፤ ለላላው ተራ ሰሌዳና ብሎን፤ ለትንሹ ቍራጭ ሽቦ፤ ለሳሳው ቆዳና ለሽማግሌው፣ መሣሪያው ካለ ዘንግ፣ ከሌለም በብልኀት የተሠራ ጀሶ፤ ላበጠውና ለተከፈተው በመጀመሪያ የውጭ ማዕቀፍ። ገመዱም ጊዜውና ገንዘቡ ሲፈቅድ ይጨመር። ይህን ሁሉ ዕውቀት በአንድ ከተማ ውስጥ ማኖር የሚቻለው ግን ወጌሻው በሽተኛውን በጊዜው ሲልክ፣ ሐኪሙ ባለው መሣሪያ በትክክል ሲሠራ፣ ነጋዴው እውነተኛውን ዕቃ ሲያቀርብና ሹሙ መንገዱን ሲከፍት ነው።

ሐርጌሳ በአንድ ዘመን ከፍርስራሽ ተነሥታ በእግሯ ለመቆም የቻለች ከተማ ናት። ልጆቿም ከወደቁበት ተነሥተው ሁለት እግራቸውን አስተካክለው ወደ ገበያቸው እንዲመለሱ ማድረግ፣ ለገንዘብዋም ለክብርዋም የሚበጃት ሥራ መሆኑ አያጠራጥርም።